ልቧ ናጎያ ለቀረባት እህታችን

«ውድ እትዬ፣

31 ዓመቴ ነው፤ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለካይዘን (ሥራን ጥቂት በጥቂት እያሻሻሉ ለመሄድ ለሚረዳው የጃፓኖች ዘዴ) ሥልጠና ጃፓን፣ ናጎያ ተልኬ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ መጣሁ እንጂ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ባቡሩ በደቂቃው ይመጣል። ባቡር ላይ የረሳሁት ነጠላዬ በማግስቱ ታጥፎ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የተገኘበት ጣቢያና ሰዓት ተጽፎበት መጣልኝ። ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው ያሳደሩኝ እናት፣ ጠዋት ስወጣ ጫማዬን ወደ በሩ አዙረው አስቀምጠውልኝ አገኘሁት። ስንለያይ ባቡሩ እስኪሰወር ድረስ እጃቸውን ያውለበልቡልኝ ነበር። በአስተርጓሚ ‹ተመልሰሽ ነይ፣ ቤትሽ ነው› አሉኝ። አለቀስኩ።

ከተመለስኩ ወዲህ ግን እዚህ ያለው ሁሉ ያናድደኛል። ታክሲ ላይ የሚጋፋው፣ ‹ደረስኩ› እያለ ሁለት ሰዓት የሚያስጠብቀው፣ ቆሻሻ በመስኮት የሚወረውረው። ሥራ ቦታ ‹ካይዘን› የሚል ስም አውጥተውልኛል። እጮኛዬ ደግሞ ‹የምታገቢው ጃፓንን ነው ወይስ እኔን?› ይለኛል። መጀመሪያ እየሳቀ ነበር፤ አሁን አይስቅም። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ ኤጀንሲ በቋንቋ ተማሪነት እንልክሻለን፣ ቀሪውን እዚያ እየሠራሽ ትከፍያለሽ ብሎኝ ቅድሚያ ክፍያ ሰጥቻለሁ። ይህን እጮኛዬ አያውቅም። ፍቅሬ የእውነት ነው ወይስ ከዚህ ለመሸሽ ብዬ የፈጠርኩት? ልሂድ ወይስ ልተወው? እናትየውስ ‹ነይ› ያሉኝ ከልባቸው ይሆን?

ልቧ ናጎያ የቀረ፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን እየሳቅኩ ነበር የማነበው፤ «አሁን አይስቅም» የምትለው ጋ ስደርስ ሳቄ ቆመ። ከእጮኛሽ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ግን እሱ ጋ ለመድረስ በናጎያ በኩል ማለፍ ሊኖርብን ነው።

ፍቅርሽ የእውነት ነው። ላስደስትሽ ብዬ አይደለም። እኔም ለትምህርት ኪዮቶ ኖሬያለሁና የዞረ ጫማ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። እናትየው ያንን ያደረጉት አንቺ ተኝተሽ ሳለ ነው። ማንም ሳያያቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው፣ ጠዋት ስትወጪ ሳትዞሪ ሳትደናበሪ እግርሽን እንድታስገቢ አመቻቹልሽ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሚደረግ ወግ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ለኔ ብቻ መስሎኝ!» ብሎ ይከፋዋል። ይከፋው። እኛስ የመጣውን ሁሉ ቡና ሳይጠጣ አትሄድም የምንለው እያንዳንዱን ስለወደድነው ነው? ወግ ሆኖ የተደረገ ደግነት ደግነትነቱ አይቀንስም።

በዚህ ፍቅር የተነደፍሽ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊም አይደለሽም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 በንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛነት ጃፓን ሄደው፣ ተመልሰው ስላዩት ነገር መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥታችን ብዙ ነገሩን የቀዳው ከጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ነው። «እንደ ጃፓን እንሁን» ማለት በጊዜው የነበሩ የተማሩ ሰዎች ዋና ወሬ ነበር። ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር ከሄዱት አንዱ ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ሊያገቡ ተነሥተው፣ ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የመኳንንት ልጅ ታጭታላቸው ነበር፤ ጣሊያን ነገሩን በክፉ ዓይን እያየው በ1934 ሳይሆን ቀረ። ከዚያ ወረራው መጣ። የጃፓን ሕዝብ ብዙው ከኛ ጋር አዘነ፤ የጃፓን መንግሥት ግን በ1936 መጨረሻ የጣሊያንን ግዛት አወቀ፤ በለውጡም ጣሊያን ቻይና ውስጥ ማንቹሪያ ላይ ጃፓን የተከለችውን መንግሥት አወቀችላት። እነዚያ ምሁሮቻችን የወደዷት ጃፓን ነበረች፣ አልነበረችም አልልም። የፈለጉትን ያህል ብቻ አይተው ነበር የወደዷት።

አንቺም እንደዚያ እየወደድሽ ይመስለኛል። የነጠላሽን ነገር እንውሰድ።

ነጠላሽ የተመለሰው ጃፓኖች መላእክት ስለሆኑ አይደለም። በየሰፈሩ ጥግ ኮባን የምትባል አነስተኛ የፖሊስ ቤት አለች፤ ሕፃን ልጅ መንገድ ላይ ሳንቲም አግኝቶ ቢያመጣ ፖሊሱ እንደ ትልቅ ጉዳይ ይመዘግብለታል። ሕግም አለ። ዕቃ አግኝቶ ያስረከበ ሰው ከባለቤቱ የዕቃውን ዋጋ ከ5 እስከ 20 ከመቶ ወሮታ መጠየቅ ይችላል፤ ባለቤቱ በሦስት ወር ካልመጣ አብዛኛው ዕቃ ላገኘው ሰው ይሰጣል። ቶኪዮ ውስጥ ኢዳባሺ በተባለ ሰፈር የጠፋ ዕቃ ብቻ የሚሰበሰብበት የፖሊስ ማዕከል አለ፤ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ዕቃ የከተማው ፖሊስ እጅ ይገባል፤ ጓንቱ፣ ቦርሳው፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ሳይቀር ቀንና ቦታ ተጽፎበት ይቀመጣል። የዣንጥላው ክምርማ አይነገርም። ስለ ዣንጥላ ካነሣን አይቀር፣ ያው ነጠላሽን የመለሰው ሕዝብ በዝናብ ቀን ከሱቅ ደጃፍ የሰው ዣንጥላ አንሥቶ ውልፍት ይላል። በተለይ ያቺን ነጭ፣ ወዲያ ማዶ የምታሳየዋን የፕላስቲክ ዣንጥላ። የኔ ስንቴ እንደሄደች! ብስክሌትም እንዲሁ ነው።

ይህን የምነግርሽ ላቀዘቅዝሽ ብዬ አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ነገሩ ተፈጥሯቸው ቢሆን ኖሮ እኛ ተስፋ አልነበረንም፤ አርፈን መቅናት ብቻ ነበር። የተሠራ ሥርዓት ከሆነ ግን አንቺ የምታውቂው ዓይነት ነገር ነው፤ ሥራሽም ይኸው ነው።

ባቡሩንም ጠቅሰሽልኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የጃፓን የባቡር ድርጅት ከተመደበለት ሰዓት 20 ሰከንድ ቀድሞ በመነሣቱ ሕዝብን ይቅርታ ጠይቆ ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። አንቺም ያኔ ሳታጨበጭቢ አልቀረሽም። ስለ ሌላው ባቡር ግን የሥልጠናው አስተባባሪዎች የነገሩሽ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2005፣ ኦሳካ አጠገብ፣ አማጋሳኪ በምትባል ከተማ፣ የ23 ዓመት ሾፌር አንድ ጣቢያ ላይ ማቆሚያውን አልፎ ወደ ኋላ ሲመለስ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ዘገየ። አንድ ደቂቃ ተኩል! በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሊሄድበት የሚገባውን መታጠፊያ ከ110 በላይ እየበረረ ገባበት። ባቡሩ ሐዲዱን ለቅቆ አፓርታማ ሕንፃ ውስጥ ተሰነቀረ። ሾፌሩን ጨምሮ 107 ሰው ሞተ። ሲጣራ፣ የሚዘገይ ሾፌር «ማረሚያ ሥልጠና» ተብሎ ለቀናት ሲዋረድ የሚቆይበት አሠራር እንደነበረ ወጣ፤ ልጁም ያንን የፈራ ይመስላል። እኛ ጣቢያ ላይ ቆመን «እንዴት ያለ ሰዓት አክባሪ ሕዝብ ነው» የምንለው ነገር ከመሪው ጀርባ ለተቀመጠው ሰው ሌላ መልክ አለው።

እንግዳና ነዋሪም አንድ አይደሉም። አንቺ ያየሻት ጃፓን እንግዳ የምትቀበል ጃፓን ናት። አስተርጓሚ አለ፣ ፕሮግራም ወጥቷል፣ ፈቅደው የተመዘገቡ ደግ እናት አሉ። ነዋሪ ሲሆኑ እንዴት እንደሆነ ከራሴ ልንገርሽ። ቤት ልከራይ አንድ የቤት አከራይ ድርጅት ገባሁ። ወጣቱ ሠራተኛ በደንብ አስተናገደኝ፣ የወደድኩትን ክፍል ፎቶ አወጣ፣ ለባለቤቱ ስልክ ደወለ። «የውጭ አገር ሰው ናት፤ ግን ጃፓንኛ ትናገራለች» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ዝም ብሎ አዳመጠ፣ «እሺ፣ እሺ» አለ። ስልኩን ዘጋና ወገቡን እስኪያጥፍ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤቱን ግን አላገኘሁም። የኔ ብቻ ዕድል መስሎኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የጃፓን የፍትሕ ሚኒስቴር ባሳተመው ጥናት ግን ቤት ከፈለጉ የውጭ አገር ነዋሪዎች 40 ከመቶ ያህሉ «የውጭ ሰው ስለሆንክ» ተብለው እንደተመለሱ ተናግረዋል። ቤቱ ሲገኝም ለአከራዩ በምስጋና ስም የሚሰጥ፣ የማይመለስ የአንድና የሁለት ወር ኪራይ ገንዘብ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ዋስ ደግሞ ያስፈልጋል።

ሌላም ሌላም አለ። ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ አጠገብሽ ያለው ወንበር ባዶውን ይቀራል። መጀመሪያ ሽታዬ ይሆን ብለሽ ልብስሽን ታሸቻለሽ፤ በኋላ ትለምጂዋለሽ። «ደህና አደራችሁ» ባልሽ ቁጥር «ቋንቋውን እንዴት ቻልሽው!» ብለው ያደንቁሻል፤ ማድነቁን የሚተዉት በእውነት የቻልሽ ቀን ነው። ጾም ከያዝሽ ደግሞ አበሳ ነው፤ አትክልት ብቻ የመሰለሽ ሾርባ ሁሉ ከዓሣ የተቀቀለ መረቅ አለበት። መነኮሳቱ በየቤተ መቅደሱ የሚያዘጋጁት ሥጋም ዓሣም የሌለበት ምግብ ካላገኘሽ በስተቀር ሁዳዴን ሩዝና ሙዝ ይዘሽ ነው የምታልፊው።

በመጨረሻ ቤት ያከራዩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ» ስላቸው ፊታቸው በራ። «አበበ!» አሉ፤ ወዲያው ሁለት እጃቸውን እንደሚሮጥ ሰው እያወዛወዙ አሳዩኝ። በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ትንሽ ልጅ ነበሩ። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ፣ ሳር ላይ ተንጋሎ እግሩን እያነሣ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያዩት ይመስል ተረኩልኝ። ምናልባት በቴሌቪዥን ይሆናል ያዩት። ከልቤ ኮራሁ፤ በዚያ ኩራት ውስጥ ሳለሁ ነው ወሬውን ወደ ሌላ ሰው ያዞሩት።

ከአበበ ቀጥሎ፣ በሁለተኛነት፣ ስታዲየም የገባው የነሱ ልጅ ኮኪቺ ጹቡራያ ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ መጨረሻው ዙር ላይ፣ አንድ እንግሊዛዊ ቀደመውና ሦስተኛ ሆነ። ነሐስ ነው፤ ትልቅ ነገር ነው፤ እሱ ግን አገሬን አሳፈርኩ ብሎ ቆጠረው፣ በሚቀጥለው የሜክሲኮ ኦሊምፒክ እክሳለሁ አለ። ወታደር ነበር። ሊያገባት የፈለጋት ልጅ ነበረች፤ አለቃው ከኦሊምፒኩ በፊት ጋብቻ አይሆንም አለ፤ እሷም ሌላ አገባች። ወገቡና እግሩ ተጎዱ። በጃንዋሪ 1968 ራሱን አጠፋ። በተወው ደብዳቤ አባት እናቱን፣ ወንድም እህቶቹን ስላበሉት ምግብ ሳይቀር አንድ በአንድ እያመሰገነ፣ ደክሞታልና ከእንግዲህ መሮጥ እንደማይችል ጽፏል። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ሻዬን ሞሉልኝና ስለ ቤቱ ጋዝ አዘጋግ ማስረዳት ጀመሩ።

እኔ ጃፓኖችን የወደድኩት ከዚያ በኋላ ነው ብልሽ አላጋነንኩም። ከዚያ በፊት የነበረው መደነቅ ነበር። መደነቅ አገርሽ ስትመለሺ ታክሲ ተራ ላይ ያናድድሻል፤ ሰው እንደሰው ሲወደድ ግን የራስን ሰው አያስጠላም። ስለዚህ «የእውነት ነው ወይስ ሽሽት?» ላልሽው፣ ሁለቱም ነው እልሻለሁ። ለእናትየው ያለሽ የእውነት ነው። እዚህ ያለውን ሁሉ የሚያስኮንንሽ ሽሽት ነው።

ስለ ታክሲ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ሄደሽ ሰልፉን ልብ ብለሽ እዪው። አንዳንዴ አስፋልቱን ይዞ ይጠማዘዛል፤ የቆመው ሁሉ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ታክሲው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ሆኖም ይሰለፋል፤ ሰልፍ የጣሰ ሰው የሚወርድበትን ስድብ ታውቂዋለሽ። ታክሲ በየሁለት ደቂቃው የሚመጣለትን ሰው ማሰለፍማ ምኑ ይገርማል? ቶኪዮ ጠዋት ባቡር ላይ ደግሞ የሚገፋ አይጠፋም፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚገፋው። ሥራ ቦታ «ካይዘን» ያሉሽንም አትቀየሚያቸው። አምስቱን ማዎች፣ የካይዘንን አምስት የሥራ ቦታ ሥርዓቶች፣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚረሳ ፋብሪካ ስንት አለ፤ ያንቺ ጠረጴዛ ንጹሕ ሆኖ አንድ ዓመት ከቆየ ስሙ ምስጋና ይሆናል። «ጃፓን እኮ እንዲህ አያደርጉም» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ግን ከአፍሽ አውጪያት። ሠርቶ ማሳየት እያለ ማን መመከር ይወዳል?

እናትየው «ነይ» ያሉሽ ከልባቸው ነው ወይ? ኪዮቶዎች የሚቀልዱበት አንድ ነገር አለ፤ ባለቤቷ «ሻይ የፈሰሰበት ሩዝ ላቅርብልዎ?» ካለችሽ ተነሥተሽ መሄጃሽ ደርሷል ማለት ነው፤ እሺ ብለሽ ከተቀመጥሽ አለቀልሽ። ናጎያዎች እንዲህ የከረሩ አይደሉም፤ ቢሆንም ወጉ ያው ነው። እኛም «ብቅ በይ እንጂ፣ ምነው ጠፋሽ?» እንላለን፤ የተባለው ሰው ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ ግን እንደነግጣለን። እኔ እዚያ ስኖር የያዝኩት መለያ ይህ ነው፤ ቀን የተጠራበት ግብዣ ግብዣ ነው፣ ቀን ያልተጠራበት መልካም ምኞት ነው። ያንቺው መልካም ምኞት ነው። ባዶ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ወደ እውነተኛ ግብዣ የሚያሳድገው መጻጻፍ ነው። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ጽፈሽላቸዋል? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። ዓመት ሙሉ ስለሳቸው ስታወሪ ከርመሽ አንድ ካርድ አልላክሽም ማለት ነው!

አሁኑኑ ጻፊ። በእጅሽ ጻፊ፤ አጭር ይሁን፤ ፎቷችሁን ጨምሪበት። ከዚያ በየዓመቱ ለአዲስ ዓመታቸው፣ ጃንዋሪ 1 እንዲደርስ፣ ካርድ ላኪ፤ እነሱ ለዚህ ቀን የሚጻጻፉት ካርድ በዓመት አንዴ የሚተያዩትን ሰዎች ሁሉ ያገናኛል። ከኛ አገር ስለሚዘገይ ኅዳር አጋማሽ ላይ ፖስታ ቤት ግቢ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በዚያ ዓመት ቤተሰብ የሞተበት ሰው የአዲስ ዓመት ካርድ አይልክም፤ አስቀድሞ «ሐዘን ላይ ነን» የሚል ካርድ ይልካል፤ እንዲህ ያለ ከመጣልሽ የደስታ ካርድሽን አቆይተሽ የማጽናኛ ቃል ጻፊላቸው። ስጦታ ልላክ ካልሽ ትንሽ ይሁን። ትልቅ ስጦታ ብድር ይሆንባቸዋል፤ የዋጋውን ግማሽ ያህል መመለስ አለብን ብለው ይጨነቃሉ። ግማሽ ኪሎ ቡና ይበቃል፤ የተቆላ ይሁን፣ ጥሬው የዕፅዋት ቁጥጥር ጋ ይያዝብሻል።

ቋንቋውንም ከኤጀንሲ ምንም ሳትጠብቂ እዚሁ ጀምሪ። ሂራጋና የሚባለው ፊደላቸው መሠረቱ 46 ምልክት ነው፤ እያንዳንዷ ምልክት ከነአናባቢዋ የምትነበብ ስለሆነች ከሀ እስከ ፐ ለዘለቀ ሰው ዓይን እንግዳ አትሆንም። ካታካና የሚባለው ሁለተኛው ፊደላቸውም ያንኑ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቻይናዊው ጽሕፈት፣ ለዕለት ንባብ ይበቃል ተብሎ የተመደበው ብቻ 2,136 ነው፤ እሱን አሁን አታስቢው። የመጀመሪያውን ካርድ በሂራጋና ሁለት መስመር ብትጽፊላቸው እናትየው ለጎረቤት ሁሉ ያሳያሉ።

አሁን እጮኛሽ ጋ ደረስን። ያ ሰው የሚቀናው በጃፓን አይመስለኝም። ከናጎያ ከመጣሽ ጀምሮ እሱ ሲዘገይ «እዚያ እኮ»፣ እሱ ሲረሳ «እዚያ እኮ» ትዪዋለሽ፤ እሱ የሚሰማው «አንተ አትመጥነኝም» ነው። ማንም ሰው የፋብሪካ ምርት ሆኖ በየቀኑ ጥራቱ ሲመረመር አይስቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደብቀሽዋል። የኤጀንሲውን ነገር ሳያውቅ አንድ የተደበቀ ነገር እንዳለ ማሽተቱ አይቀርም። የምትነግሪው በዚህ ሳምንት ነው፤ የሠርጉ ጥሪ ወረቀት ከመታተሙ በፊት። «ልሄድ አስቤ ገንዘብ ከፍያለሁ፣ ሳልነግርህ ማድረጌ ልክ አልነበረም» በዪው፤ ጃፓን ስለሚመስለው ነገር ሁሉ ያን ቀን አታውሪ። ይቆጣል። ይቆጣ፤ መብቱ ነው። ቁጣው ሲበርድ ምን እንደሚል አድምጪ። «አብረን የምንሄድበት መንገድ የለም?» ካለ ባል አግኝተሻል። «ሁለተኛ የዚያን አገር ስም እንዳልሰማ» ካለ ደግሞ ሠርጉን ማዘግየት ያለብሽ ለጃፓን ስትዪ ሳይሆን ለራስሽ ስትዪ ነው።

አብሮ የሚኬድበት መንገድ ደግሞ አለ። የጃፓን መንግሥት የሚሰጠው የትምህርት ዕድል በየዓመቱ አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲያቸው በኩል ይወጣል፤ ማመልከቻው ክፍያ የለውም፣ ደላላም የለውም። ለድኅረ ምረቃ የሚጠይቁት ዕድሜ ከ35 በታች ነው፤ አንቺ ገና ጊዜ አለሽ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ለአፍሪካ ወጣት ባለሙያዎች ሁለተኛ ዲግሪና በጃፓን ኩባንያ ውስጥ የሥራ ልምምድ አጣምሮ የሚሰጥ ሌላ ዕድል አለ፤ እሱን የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት፣ ጃይካ፣ ያስተባብረዋል። ፋብሪካ ውስጥ ላለ፣ ካይዘን ለሠለጠነ ሰው የተሰፋ ይመስላል። ውድድሩ ቀላል አይደለም፤ ከተሳካልሽ ግን ባለቤትሽን በቤተሰብ ቪዛ ማስከተል ይቻላል።

ኤጀንሲው ያለሽ «እየሠራሽ ትከፍያለሽ» አይሆንም። የቋንቋ ተማሪ ፈቃድ አውጥቶ መሥራት የሚችለው በትምህርት ወቅት በሳምንት 28 ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያ ገቢ የትምህርት ክፍያም፣ የቤት ኪራይም፣ የነዚህ ሰዎች ዕዳም አይሸፈንም። ከዚያ በላይ ስትሠሪ ከተያዝሽ ቪዛሽ አይታደስም፤ ልትባረሪም ትችያለሽ። ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን የብቁነት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው እዚያው ያለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚያመለክትልሽም የተቀበለሽ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው፤ የትኛው ትምህርት ቤት ተቀበለኝ፣ ደብዳቤው የታለ? የሚያሳዩሽ ወረቀት ከሌለ ገንዘብሽን በጽሑፍ ጠይቂ፣ የጻፍሽውንም ግልባጭ አስቀሪ። ደረሰኝ አልሰጡኝም የምትዪ ከሆነ ብቻሽን አትሂጂ፤ እጮኛሽን ይዘሽው ሂጂ።